ዋዜማና ማግስት ያለው በዓል፦ የአካባቢን ቀን ከሕፃናት ጋር ስለማክበር

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር ጽሑፍ)



የዛሬው ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ ለዩኒቨርሲቲ አዳራሽ የማይመጥን፣ የመዋዕለ ሕፃናት መምህራን እዚያው ሊጨርሱት የሚገባ ጉዳይ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። አራት፣ አምስትና ስድስት ዓመት የሆናቸው ልጆች በዓመት አንድ ቀን ተሰብስበው ችግኝ ቢተክሉና ቢዘምሩ ምን የሚያከራክር ነገር አለው? የእኔ መልስ «አለው» የሚል ነው። ምክንያቱም በዚያች አንዲት ቀን ልጁ ስለ ተፈጥሮ ከሚማረው ይልቅ ስለ እኛ ስለ አዋቂዎቹ የሚማረው ይበልጣል። የተናገርነውን ከሠራነው ጋር እያስተያየ፣ የትኛው እውነት እንደ ሆነ በራሱ መንገድ ይለያል።

ንግግሬ የሚያጠነጥነው በአንድ ሐሳብ ዙሪያ ነው። በእኛ ልማድ በዓል የተባለ ሁሉ ዋዜማ አለው፤ ዕለት አለው፤ ማግስትም አለው። በየመዋዕለ ሕፃናቱና በየኦ ክፍሉ የምናከብረው የአካባቢ ቀን ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለው ዕለት ብቻ ነው። ዋዜማና ማግስት ያጣ በዓል ለአዋቂው ትርኢት፣ ለሕፃኑ ደግሞ ትርጉሙ የማይጨበጥ ግርግር ይሆናል። ይህን ለማስረዳት በቅድሚያ ዕለቱ ከየት እንደ መጣ፣ ቀጥሎም ሕፃን ምን መሸከም እንደሚችል፣ በመጨረሻም በዓሉን በሦስቱ ክፍሎቹ እንዴት መልሰን ልናቆመው እንደምንችል በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

ዕለቱ ከየት መጣ?

እ.ኤ.አ. ከጁን 5 እስከ 16 ቀን 1972 በስዊድን ርእሰ ከተማ በስቶክሆልም የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ስለ ሰው ልጅና ስለ አካባቢው የመከረ ጉባኤ አካሄደ። የጉባኤው መሪ ቃል «አንዲት ምድር ብቻ» የሚል ነበር። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር የድርጅቱ ጠቅላላ ጉባኤ የስቶክሆልም ስብሰባ የተከፈተበትን ዕለት፣ ማለትም ጁን 5ን፣ የዓለም የአካባቢ ቀን ብሎ ሰየመ። የአካባቢ ጉዳይን የሚከታተል መርሐ ግብርም አቋቁሞ ጽሕፈት ቤቱ በናይሮቢ እንዲሆን ወሰነ። ዕለቱ በእኛ አቆጣጠር ሁልጊዜ ግንቦት 28 ቀን ይውላል። ከእርሱ ሁለት ዓመት አስቀድሞ፣ ኤፕሪል 22 ቀን 1970 በአሜሪካ በሴናተር ጌሎርድ ኔልሰን አነሣሽነት የምድር ቀን ተከብሯል፤ ይህኛው በእኛ ሚያዝያ 14 ቀን ነው።

ሁለቱን ቀናት ያወጣቸው አዋቂ ሲሆን የወጡትም ለአዋቂ ነው። የመጀመሪያው የተነገረው ለመንግሥታት ነው። ሁለተኛው መጀመሪያ የታሰበው ለዩኒቨርሲቲና ለኮሌጅ ተማሪዎች ነበር። ሁለቱም «ስሕተት እየሠራን ነው፤ ሕግ እናውጣ፤ አሠራር እንለውጥ» የሚል ጥሪ ናቸው። ሕግ ማውጣት የሚችል ሰው ጥሪውን ሰምቶ አንድ ነገር ሊያደርግ ይችላል። የአምስት ዓመት ልጅ ግን ሕግ አያወጣም፤ ፋብሪካም የለው፤ መኪናም አይነዳ። እንግዲህ ለመንግሥታት የተጻፈውን መልእክት ቃሉን አቅልለን ብቻ ለሕፃን ብናነብለት፣ ያልፈጸመውን ጥፋትና የማይችለውን መፍትሔ በአንድነት እናሸክመዋለን።

ሕፃኑ ከጉዳዩ ውጭ ነው ማለቴ ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀውና ኢትዮጵያ በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 29 ላይ ከትምህርት ዓላማዎች አንዱ ለተፈጥሮ አካባቢ አክብሮትን ማሳደግ እንደ ሆነ ይደነግጋል። የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰው በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ያረጋግጣል። ሁሉም ሰው ሲል ሕፃኑንም ይጨምራል። ስለዚህ በዚያ ዕለት ሕፃኑ የሚቆመው ባለመብት ሆኖ ነው እንጂ የበዓሉ ማድመቂያ ሆኖ አይደለም።

ዕለቱ ብቻ ሲቀር

የተለመደውን አከባበር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከሁለት ቀን በፊት ከወላጆች ለነጭ ወይም ለአረንጓዴ ቲሸርት ገንዘብ ይሰበሰባል። በዕለቱ ድምፅ ማጉያ ይተከላል፤ ባነር ይሰቀላል፤ ልጆቹ በፀሐይ ተሰልፈው የእንግዶችን ንግግር ያዳምጣሉ። ጉድጓዱ አስቀድሞ ተቆፍሯል። እንግዳው ችግኙን ያኖራል፤ አንድ ልጅ ከጎኑ ቆሞ ቅጠሉን እንዲነካ ይደረጋል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል። ከዚያ የታሸገ ውኃና ብስኩት ይታደላል። ሁሉም ሲበተን በሜዳው ላይ የሚቀረው የውኃ ፕላስቲክ፣ የብስኩት ልጣጭና ከችግኞቹ ሥር የተቀደደው ጥቁር የችግኝ ፕላስቲክ ነው።

አባቶች «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይላሉ። ተረቱ ለሊጥ ይሠራ ይሆናል። እኛ ግን ለበዓሉም አውለነዋል። ልጁ ቢቆፍር ጉድጓዱ ያንሳል፤ ቢያጠጣ ውኃው ይፈስሳል፤ ስለዚህ ሥራውን አዋቂው ይሠራዋል፤ ልጁ ያጨበጭባል። ልጁም በትክክል ይማራል። የሚማረው አካባቢን መንከባከብ አዋቂዎች ለፎቶግራፍ የሚሠሩት ነገር መሆኑን ነው። ችግኙ በሦስተኛው ሳምንት ሲደርቅ የሚጠይቅ ሰው አለመኖሩን ያያል። ንግግሩ ስለ ቆሻሻ ሆኖ ሜዳው በቆሻሻ ሲሞላ ያያል። በዚህ ዕድሜ የተያዘ ትምህርት በኋላ በመጽሐፍ አይፋቅም። ይህን ንግግር እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝም ይኸው ነው፤ ዕለቱ በአግባቡ ካልተከበረ ከጥቅሙ ጉዳቱ እንዳያመዝን እሰጋለሁ።

ሕፃን ምን መሸከም ይችላል?

ስዊሳዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ዣን ፒያዤ ከሁለት እስከ ሰባት ዓመት ያሉ ልጆች ዓለምን እንዴት እንደሚረዱ ሲያጠና፣ ልጆቹ ለሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ሕይወት እንደሚሰጡ አስተውሎ ነበር። ደመናው ስለሚሄድ ሕያው ነው፤ ፀሐይዋ ትከተለናለች፤ ድንጋዩ ሲመታ ያመዋል። በዚህ ዕድሜ ምክንያትና ውጤት የሚታሰሩት በዓይን ሲታዩና በእጅ ሲዳሰሱ ነው። «የዛሬ ሃምሳ ዓመት» የሚለው አነጋገር ለአምስት ዓመት ልጅ ትርጉም የለውም። እርሱ የሚያውቀው ነገንና ትናንትን፣ ቢበዛ ያለፈውን ፋሲካና የሚመጣውን እንቁጣጣሽ ነው።

አሜሪካዊው መምህር ዴቪድ ሶብል እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመው ሥራ ስለ አንድ አደጋ ያስጠነቅቃል። ልጆች ከተፈጥሮ ጋር ገና ሳይዋደዱ ስለ ሩቅ ደኖች መጨፍጨፍና ስለ እንስሳት መጥፋት ደጋግመን ብንነግራቸው ውጤቱ ተቆርቋሪነት ሳይሆን ፍርሃትና መሸሽ ይሆናል ይላል። ፍቅር ይቅደም፤ ዕውቀት ይከተል፤ ኃላፊነት በመጨረሻ ይምጣ ማለቱ ነው። ሌላዋ ተመራማሪ ሉዊዝ ቻውላ ደግሞ በአሜሪካዋ የኬንታኪ ግዛትና በኖርዌይ ለአካባቢ ጥበቃ ሕይወታቸውን የሰጡ ሰዎችን ለዚህ ያበቃቸው ምን እንደ ሆነ ጠይቃ ነበር። ከመልሶቻቸው መካከል ሁለት ነገሮች ጎልተው ወጡ። አንደኛው በልጅነት በተፈጥሮ ውስጥ ያሳለፉት ጊዜ ሲሆን፣ ሁለተኛው ያን ተፈጥሮ በትኩረት ያሳያቸው የቅርብ አዋቂ ነው፤ አባት ወይም እናት፣ አያት፣ ወይም መምህር።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ለሕፃን ክፉ ነገር አይነገርም» የሚለው ምክር በምቾት ለሚያድግ ልጅ የተሰጠ ነው። በቦረና ድርቅ ከብቶች ሲያልቁ ያየ ልጅ፣ ወይም ጎርፍ ቤቱ የገባበት የከተማ ልጅ፣ አደጋውን ከእኛ ቀድሞ ያውቀዋል። ለእርሱ ዝምታ አይበጀውም። የሚበጀው ያየውን በራሱ ቃል እንዲናገርና እንዲስል መፍቀድ፣ ቀጥሎም በእጁ ልክ የሆነ አንድ ሥራ መስጠት ነው። መለኪያው «ይህ ነገር ክፉ ነው ወይስ በጎ?» የሚለው ሳይሆን «ልጁ ስለዚህ ነገር ዛሬ በእጁ ምን ሊያደርግ ይችላል?» የሚለው ነው። ስለ ውቅያኖስ ፕላስቲክ ዛሬ ምንም ሊያደርግ አይችልም። በክፍሉ በር ላይ ያለውን ቦይ ስለ ደፈነው ፌስታል ግን ይችላል፤ አንሥቶ ሲያወጣው ውኃው ሲሄድ ያያልና።

ከራሳችን በዓላት የምንማረው

ይህን ሁሉ ከውጭ ሊቃውንት ብቻ የምንቃርመው አይደለም። እንቁጣጣሽን እንመልከት። በጎጃምና በሌሎችም አካባቢዎች ልጃገረዶች በዋዜማው ወጥተው እንግጫ ይነቅላሉ፤ አደይ አበባም ይለቅማሉ። እንግጫ የሚበቅልበትን መስክ የማታውቅ ልጅ እንግጫ አታገኝም። አደይ የምትፈካው በክረምት መውጫ መሆኑን የሚያስተምራት በዓሉ ራሱ ነው። ታላቋ ለታናሿ ቦታውን ታሳያለች፤ ታናሿ በተራዋ ታላቅ ስትሆን ለሌላዋ ታሳያለች። ማንም «ስለ አካባቢ ግንዛቤ ማስጨበጫ» ብሎ ሳይሰይመው፣ በዓሉ ስለ ዕፅዋት፣ ስለ ወቅትና ስለ መልክዓ ምድር ያስተምር ነበር። ዛሬ በከተማ ልጆች አበባውን በወረቀት ስለው ይሰጣሉ። ሥዕሉ የሚናቅ አይደለም፤ ሆኖም ሥዕሉን የሣለው ልጅ አበባዋን በመስክ አይቷት ያውቃል ወይ? ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ልጆች በዓልን የሚያውቁት በመዘጋጀት መሆኑን ነው። ጥበቃው ራሱ ደስታ ነው። የመዋዕለ ሕፃናት አባት የሚባለው ጀርመናዊው ፍሪድሪኽ ፍሮቤልም ይህን የተረዳ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1837 ትምህርት ቤቱን ከፍቶ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ «የሕፃናት የአትክልት ስፍራ» የሚል ስም ሲሰጠው፣ ስሙ ለማሳመር ብቻ የወጣ አልነበረም። እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ትንሽ መደብ ነበረው፤ የጋራ መደብም ነበር። ልጁ የራሱን እየተንከባከበ የጋራውን ይማር ነበር። የእኛ «መዋዕለ ሕፃናት» የሚለው ስያሜ ደግሞ በግእዙ «የሕፃናት ቀናት» ማለት ነው። ሁለቱን ስሞች ብናጋባቸው የምንፈልገውን እናገኛለን፤ በአትክልት መካከል የሚያልፉ ብዙ ቀናት።

ዋዜማው፦ ከሚያዝያ 14 እስከ ግንቦት 28

ከምድር ቀን እስከ አካባቢ ቀን 44 ቀናት አሉ። ይህ ጊዜ ለሕፃን በቂ ዋዜማ ነው። ረጅም መስሎ ቢታይም በየሳምንቱ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ በአንድ ጊዜ ሩብ ሰዓት ያህል ቢሰጠው በቂ ነው። ሦስት ሥራዎችን ልጠቁም።

የመጀመሪያው መቅበርና ማውጣት ነው። በሚያዝያ 14 ልጆቹ በግቢው ጥግ ሦስት ትንንሽ ጉድጓዶች ይቆፍራሉ። በአንዱ የሙዝ ልጣጭ፣ በአንዱ ደረቅ ቅጠል፣ በአንዱ ፌስታል ይቀብራሉ። በየላያቸው ድንጋይ አኑረው አልፎ አልፎ ውኃ ያርከፈክፋሉ። በግንቦት 28 ሦስቱንም ይከፍታሉ። ልጣጩን ፈልገው ያጡታል፤ ወይም ጠቁሮ ከአፈር ጋር ሲቀላቀል ያገኙታል። ቅጠሉ ሳስቶ ይሆናል። ፌስታሉ ግን ታጥቦ እንደ ገና ዳቦ ሊያዝበት ይችላል። ስለ ፕላስቲክ ከዚህ የበለጠ ንግግር አያስፈልግም። መምህርቷ «ልጣጩ የት ሄደ?» ብላ ጠይቃ ዝም ትበል። የልጆቹን መልስ በሙሉ ትስማ። ከመልሶቹ ግማሹ ስሕተት ይሆናል፤ ቢሆንም የሳይንስ መነሻው እዚያ ነው።

ሁለተኛው ባቄላ መዝራት ነው። ዛፍ ለሕፃን ጊዜ እጅግ ይዘገያል። የወይራ ፍሬ ልቡ ጠንካራ ስለ ሆነ ለመብቀል ብዙ ያስጠብቃል። ባቄላ ግን ሌሊቱን በውኃ ተዘፍዝፎ ቢዘራ በሁለት ሳምንት ግድም ውስጥ ብቅ ይላል። ልጆቹ በተጣሉ ጣሳዎችና ኩባያዎች ይዝሩት። አንዱን ጣሳ ብርሃን በማይደርስበት ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ሌላውን በመስኮት አጠገብ ያኑሩ፤ ሦስተኛውን ውኃ ይከልክሉት። ብዙ አዋቂዎች በጨለማ ያለው አይበቅልም ብለው ይጠብቃሉ። ይበቅላል፤ እንዲያውም ይረዝማል፤ ነገር ግን ገርጥቶና ሰልሎ ነው። ዘሩ ስንቁን ይዞ ስለሚመጣ ለመነሻው ብርሃን አይሻም፤ ስንቁ ሲያልቅ ግን ያለ ብርሃን መኖር አይችልም። ውኃ የተከለከለው ደግሞ ስንቁን እንደ ያዘ ይቀራል። ይህን ያየ ልጅ ተክል የሚበላና የሚጠጣ ፍጡር መሆኑን ያለ ትርጓሜ ይረዳል።

ሦስተኛው አንድ ዛፍ መልመድ ነው። በግቢው ወይም በመንገዱ ዳር ያለ አንድ ዛፍ ይመረጥ። ልጆቹ ቅርፊቱን ይዳስሱ፤ ጥላውን በጠዋትና በቀትር ይለኩ፤ ወፍና ጉንዳን ይቁጠሩ። ስሙንም በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ከአያቶቻቸው ጠይቀው ይምጡ። ዋንዛ፣ ብሳና፣ ዝግባ፣ ጽድ፣ ግራር እየተባለ ስም በስም የሚታወቅ ዛፍ «ዛፍ» ተብሎ ብቻ ከሚጠራው ይልቅ ይወደዳል። የቤት ሥራው ለአያት ወይም ለግቢው ዘበኛ ክብር ይሰጣል። ዋንዛ ፍሬው እንደሚበላና እንደሚጣብቅ የሚነግራቸው አያት፣ ቻውላ ያለችው የቅርብ አዋቂ ማለት እርሱ ነው። በዚያውም የእንቆቅልሽ ልማዳችን ይመለስ። መምህርቷ «እንቆቅልሽ!» ስትል ልጆቹ «ምን አውቅልሽ!» ብለው ይመልሱላት፤ እርሷም ስለ ጎርፍ «እጅ የለው፣ ማሳ ያራቁታል» የመሰለ ከአካባቢው የወጣ ነገር ትፍጠርላቸው።

ዕለቱ፦ ግንቦት 28 እና የዝናቡ ነገር

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ተግባራዊ ችግር አለ። ጁን 5 በስቶክሆልም የበጋ መግቢያ ነው። በእኛ ሰሜንና መካከለኛ ደጋ ግን ዋናው የክረምት ዝናብ በግንቦት 28 ገና አልጸናም። በዚያ ዕለት የተተከለ ችግኝ ዝናቡ ቢዘገይ በፀሐይ ይጠወልጋል። በቦረናና በሌሎች የደቡብና የደቡብ ምሥራቅ ቆላዎች ደግሞ ዋናው ዝናብ ከማርች እስከ ሜይ ባለው ጊዜ ስለሚዘንብ፣ በዕለቱ ዝናቡ እየወጣ ነው። አንድ ዓለም አቀፍ ቀን ለሁሉም አካባቢ የመትከያ ቀን ሊሆን አይችልም።

ስለዚህ በደጋው ግንቦት 28 የመትከያ ሳይሆን የጉድጓድ ቀን ይሁን እላለሁ። ጉድጓድ ከዝናቡ በፊት ተቆፍሮ መቆየቱ በግብርናም የተለመደ አሠራር ነው። ልጆች ደግሞ መቆፈር ይወዳሉ። አፈሩን ይበትናሉ፤ የምድር ትል ያገኛሉ፤ ላይኛው አፈር ጥቁር፣ ታችኛው ቀይ መሆኑን ያያሉ። አዋቂው ጥልቀቱን ይጨርስላቸው እንጂ ጅማሬውን አይቀማቸው። መትከያው ዝናቡ ሲጸና፣ ትምህርት ቤት ሳይዘጋ ባለው የሰኔ ቀን፣ ያለ እንግዳና ያለ ድምፅ ማጉያ ይሁን። ያን ጊዜ ጥቁሩ የችግኝ ፕላስቲክ ሙሉ በሙሉ መውለቁን ልጆቹ ይቆጣጠሩ። ፕላስቲኩ ካልወለቀ ሥሩ በውስጡ እየተጠመዘዘ ይቀራል። የወለቀውን ሁሉ ቆጥረው በአንድ ከረጢት ይሰብስቡ፤ አሥር ችግኝ ከተተከለ አሥር ፕላስቲክ መገኘት አለበት። ይህ በአንድ ጊዜ ሒሳብም፣ ግብረ ገብም፣ አካባቢም ነው።

የዕለቱን ሥርዓት በሚመለከት ያለኝ ምክር አጭር ነው። ልጆቹ ከስድስት እስከ ስምንት ሆነው በቡድን ይከፈሉ። ከአንድ ሰዓት ባይበልጥ ይመረጣል። የተቀበረው ይውጣ፤ ባቄላው ለወላጆች ይታይ፤ ጉድጓዱ ይቆፈር፤ እጅ በሳሙና ይታጠብ። ንግግር ማድረግ ግድ ከሆነ ተናጋሪው ልጁ ይሁን፤ ስለ ባቄላው ይናገር። እንግዳው ያዳምጥ። ውኃ በጆግ ይቅረብ፤ ቂጣ ወይም ቆሎ በሰፌድ ይምጣ። ለዚህ ዕለት ተብሎ ቲሸርት አይገዛ።

ማግስቱ፦ የጸደቀውን መቁጠር

ከሦስቱ ክፍሎች የሚከብደው ማግስቱ ነው። በናይሮቢ ጁን 5 ቀን 1977 ዋንጋሪ ማታይ ከሌሎች ሴቶች ጋር የአካባቢን ቀን ምክንያት በማድረግ በሰልፍ ሄደው ሰባት ዛፎች ተከሉ። የአረንጓዴ መቀነት ንቅናቄ የተጀመረው በዚያ ዕለት ነው። ማታይ እ.ኤ.አ. በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት እስክታገኝ ያደረሳት ግን የሰባቱ ዛፎች ቀን ሳይሆን ከዚያ በኋላ የመጣው አሠራር ነው። ንቅናቄው ለገጠር ሴቶች መጠነኛ ክፍያ የሚሰጠው ተክለው ለጸደቀላቸው ችግኝ ነበር። የተተከለውን ትቶ የጸደቀውን መቁጠር በዓልን ወደ ሥራ ይለውጠዋል።

በአገራችንም በሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል። በትልቁም ሆነ በትንሹ ጥያቄው አንድ ነው፤ ከማግስቱ በኋላ ስንቱ ጸደቀ? ልጆቻችን ይህን ጥያቄ ገና በአምስት ዓመታቸው መጠየቅ ከለመዱ፣ በሃያ አምስት ዓመታቸው ሲጠይቁ አንደነግጥም።

የመዋዕለ ሕፃናት ማግስት የራሱ ፈተና አለው። ትምህርት ቤት በክረምት ይዘጋል፤ በመስከረም ሲከፈትም ልጆቹ ክፍል ተሻግረዋል፤ የትልቁ ክፍል ልጆች እንዲያውም ወደ አንደኛ ክፍል ሄደዋል። ችግኙን ማን ያየዋል? ሁለት መፍትሔዎች አሉ። በክረምቱ ዝናቡ ራሱ ያጠጣዋል፤ ከከብትና ከፍየል እንዲጠበቅ ግን ዘበኛው በልጆቹ ስም አደራ ይቀበል። ልጆቹ ራሳቸው ሄደው «አደራ» ይበሉት። በእኛ ዘንድ አደራ ቀላል ቃል አይደለም፤ ሕፃን ሲለው ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል። በመስከረም፣ አደይ በፈካችበት ሰሞን፣ የተሻገሩት ልጆች ተጠርተው ችግኙን ለአዲሶቹ ያስረክቡ። «ስሙ ወይራ ነው፤ በሰኔ ተከልነው፤ እስከ ጉልበቴ ደርሷል፤ ከዚህ በኋላ የምታጠጡት እናንተ ናችሁ» ይበሉ። እንግጫ የሚነቀልበትን መስክ ታላቂቱ ለታናሺቱ እንደምታሳይ ማለት ነው።

ችግኙ ቢሞትስ? ብዙ መምህራን ልጆቹ እንዳያዝኑ ብለው በሌሊት ሌላ ይተካሉ። ይህ ደግነት ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ልጁን ከእውነት ይለየዋል። ልጆች ሊያጠጡት ይገባ የነበረ ባቄላ ሲሞት ማየት አለባቸው። «ደርቋል። ምን ሆኖ ይመስላችኋል?» ይባሉ። ማንም አይወቀስ፤ ምክንያቱ ግን ይፈለግ። አፈሩን ይንኩ፤ ሥሩን ነቅለው ይዩ፤ ምስጥ በልቶት እንደ ሆነ ይመልከቱ። ከዚያ ሌላ ይትከሉ። ሊያዝኑም ይችላሉ፤ ያዘነው ልጅ የሚያዝንበት ነገር ስለነበረው ነው። ፍርሃትን ከኀዘን እንለይ። ሶብል የሚያስጠነቅቀው ከሩቅና ምንም ከማይደረግለት ፍርሃት ነው፤ ይህ ግን ቅርብና መድኃኒት ያለው ኀዘን ነው።

ሊነሡ ስለሚችሉ ተቃውሞዎች

«ይህ ሁሉ ሰፊ ግቢ ላለው ነው» የሚል ተቃውሞ እጠብቃለሁ። በአዲስ አበባ ብዙ መዋዕለ ሕፃናት በኪራይ መኖሪያ ቤቶች ውስጥ ሆነው በሲሚንቶ በተለበጠ ግቢ ልጆችን ያስተምራሉ። ተቃውሞው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ባቄላው የሚፈልገው ጣሳ ብቻ ነው። የሚቀበረው በአሮጌ ባልዲ አፈር ውስጥ ሊቀበር ይችላል። የዝናብ ውኃ ከጣሪያ በባልዲ ተቀብሎ ሊለካ ይችላል። በሲሚንቶው ስንጥቅ ውስጥ የበቀለች ሣር እንኳ ለአንድ ሳምንት ትምህርት ትበቃለች፤ «እዚህ ማን ዘራሽ?» ተብላ ስትጠየቅ።

ሁለተኛው ተቃውሞ የመምህራን ጫና ነው። ኦ ክፍል ከ2010 እ.ኤ.አ. የቅድመ መደበኛ ትምህርት ማዕቀፍ ወዲህ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሲስፋፋ፣ በየክፍሉ የልጆች ብዛት ከመምህሯ አቅም በላይ የሆነባቸው ስፍራዎች አሉ። ለዚህ ነው ሥራውን ቀጭን አድርጌ በብዙ ቀናት የበተንኩት። አንድ ትልቅ በዓል ማዘጋጀት መምህሯን ለሳምንት ያደክማታል። ለስድስት ሳምንት በየጊዜው ሩብ ሰዓት ባቄላ ማየት ግን ከቋንቋና ከቁጥር ትምህርቷ ጋር ይዋሐዳል።

ሦስተኛው የወላጆች ነው፤ «ልጄ ፊደል ይቁጠርልኝ እንጂ አፈር አታስነኩብኝ» የሚል። ለእነርሱ መልሱ ክርክር ሳይሆን ጣሳው ነው። ልጁ በጣሳው ላይ ስሙን በፊደል ጽፎ፣ የበቀለውን ቀን ቆጥሮ፣ ቁመቱን በጣቱ ለክቶ ቤት ይዞት ሲሄድ፣ ወላጁ ፊደሉንም ቁጥሩንም ያየዋል።

ለተማሪዎቻችን

ንግግሬን የማጠቃልለው በዚህ አዳራሽ ላሉት ዕጩ መምህራን ነው። ለመስክ ልምምድ ወደ መዋዕለ ሕፃናት ስትሄዱ ሦስት ነገሮችን መዝግቡ። ባለፈው ዓመት የተተከሉት ችግኞች ዛሬ ስንት ናቸው? ከልጆቹ መካከል ስንቱ በግቢያቸው ያለውን አንድ ዛፍ በስሙ ይጠራል? በአካባቢ ቀን አከባበር ላይ ልጁ በእጁ የሠራው ምን ነበር፣ አዋቂው የሠራለትስ? እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም፤ ከብዙ ትምህርት ቤቶች በጥንቃቄ ከተሰበሰቡ ግን ለዚህ ፋኩልቲ ጥሩ የምርምር መነሻ ይሆናሉ።

የአካባቢ ቀን ይቅር አላልኩም። ሕፃናት በዓል ይወዳሉ፤ በዓልም ያስታውሳሉ። የምለው በዓል እንደ ሌሎቹ በዓላቶቻችን ይሁን ነው። በዋዜማው ይናፈቅ፤ በዕለቱ ልጁ በእጁ ይሥራ፤ በማግስቱ አደራው ይጠበቅ። የዚህ ዓመት ግንቦት 28 እንደ ተሳካ የምናውቀው በሚመጣው መስከረም፣ አንድ የስድስት ዓመት ልጅ አንዱን የአራት ዓመት ልጅ እጁን ይዞ ወደ ችግኙ ሲወስደው ነው።